«ደህና ነኝ» ያልኩበት ቃለ መጠይቅ፦ የፖሊሲ ተማሪዎች ታሪክሽን ሲጠይቁሽ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ኢቃማ አይደለም። ስለ አንድ ጥያቄ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ፣ ዶራ ገበያ ቡና ስትጠጪ፣ ወይም ማታ ስልክሽን ስትከፍቺ አንዲት ልጅ ትመጣና «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ቤት ሠራተኞች ጥናት እየሠራሁ ነው፤ ላነጋግርሽ?» ትልሻለች። እዚህ ቤይሩት ብዙዎቻችንን አጋጥሞናል። አንዳንዷ ፈርታ ትሸሻለች። አንዳንዷ ደግሞ የሆዷን ሁሉ ዘርግፋ ትናገርና ማታ «ምን ነካኝ?» እያለች እንቅልፍ ታጣለች። እኔ ሦስተኛውን ነው ያደረግኩት። ዋሸሁ። ከሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ኩሽና ውስጥ የተሠራው ጥናት

ሊባኖስ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዕድሜዬ ሃያ አልፎ ነበር፣ ዓረብኛዬ ግን ገና የኩሽና ዓረብኛ ነው። የማዳም ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ቤይሩት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነው። አንድ ቀን ማታ እኔ ኩሳ እየፈለፈልኩ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣችና ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ስልኳን መሃላችን አድርጋ መቅጃውን ከፈተች። «ለትምህርቴ ነው፤ ስለ እናንተ የሥራ ሁኔታ ነው የምጽፈው» አለችኝ።

ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ? የዕረፍት ቀን አለሽ? ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው? ደመወዝሽ በሰዓቱ ይደርስሻል? ታመሽ ታውቂያለሽ?

ማዳም ሳሎን ነበረች። ጥያቄው ሲጀመር የቴሌቪዥኑ ድምፅ ዝቅ አለ።

እኔም መለስኩ። ደህና ነኝ። ማዳም እንደ እናቴ ናት። እሁድ የት እሄዳለሁ፣ ቤት መሆን ይሻለኛል። ደመወዜ ችግር የለውም። አልታመምኩም።

እውነቱን ላውራ? ፓስፖርቴ ሚስተር መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም። ጥርሴ አብጦ ሁለት ሳምንት ሙሉ በፓናዶል ነበር የምሠራው። ልጅቷ አመሰገነችኝና ቸኮሌት ሰጠችኝ። ከወራት በኋላ ጥሩ ውጤት አምጥታ ቤት ውስጥ ድግስ ሆነ። ኬኩን ቆርጬ ለእንግዶቹ ያደልኩት እኔ ነኝ።

ክፉ ልጅ አልነበረችም። ያቺን ማታ ግን እስካሁን አልረሳትም፤ ምክንያቱም አሁን በበጎ ፈቃደኝነት እህቶችን ሳግዝና ለተመራማሪዎች ሳስተረጉም ያቺ ቃለ መጠይቅ ከመጀመሪያው መደረግ እንዳልነበረባት ተምሬያለሁ። የሚከለክል ደንብ አለ። እኔ ግን ደንቡን አላውቅም ነበር። እናንተ እንድታውቁት ነው ይሄን የምጽፈው።

የፖሊሲ ትምህርት ቤት ምን የሚሠራበት ነው?

ፖሊሲ ማለት በቀላሉ መንግሥት አንድን ጉዳይ እንዴት እንደሚያስተዳድር የሚወስነው ነው። የቤት ሠራተኛ የዕረፍት ቀን ይኑራት ወይስ አይኑራት? አሠሪ መቀየር ትችላለች ወይስ አትችልም? ስትታመም ማን ይከፍላል? ከነዚህ እያንዳንዱ ፖሊሲ ነው። የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ቤት ደግሞ እንዲህ ዓይነት ውሳኔ በምን መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንደሚወሰን፣ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ የሚጠናበት ቦታ ነው። ከዚያ የሚወጡት ተማሪዎች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ተመድ፣ የእርዳታ ድርጅት ወይም ጋዜጣ ይገባሉ። ነገ ስለ አንቺ የሚወስን ወረቀት የሚጽፉት እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ቤይሩት ውስጥ የታወቀው በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቤይሩት ግቢ የሚገኘው የኢሳም ፋሬስ የሕዝብ ፖሊሲና ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ኢንስቲትዩት ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1866 ነው፤ ኢንስቲትዩቱ ግን በ2006 ነው የተቋቋመው። ሕንፃውን በዓይናችሁ ካያችሁት አትረሱትም። ኮንክሪት ነው፣ ግማሹ መሬት ሳይነካ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ከዛፎቹ መሃል የሚያወጣ ረጅም መወጣጫ አለው። የነደፈችው ባግዳድ የተወለደችው ዛሃ ሃዲድ ናት። ራሷም በወጣትነቷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምራለች። ሕንፃው በ2014 አልቆ በ2016 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ውስጡ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ውሃና ስለ አየር ንብረት፣ ስለ መንግሥት አሠራር ይጠናል።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ እህቶችም እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት በአቅራቢያችሁ አለ። ዶሃ ውስጥ ሐማድ ቢን ኻሊፋ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ፖሊሲ ኮሌጅ አለው። ዱባይ ውስጥ የመሐመድ ቢን ራሺድ የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ቤት አለ። እኔ ያለሁት ቤይሩት ስለሆነ የምነግራችሁ የሊባኖሱን ነው፤ ታች የምጽፋቸው ጥያቄዎች ግን የትም ያገለግላሉ።

ታዲያ ጥናቱ ለእኛ ምን አመጣልን?

«ጠይቀው ጠይቀው ይሄዳሉ፣ ምንም አይቀየርም» የምትሉ አላችሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ በ2016 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቤይሩት ተመራማሪዎች ጋር የወጣ ጥናት አለው። የተጠየቅነው እኛ አልነበርንም፤ አሠሪዎቹ ናቸው። 1,200 አሠሪዎች ተጠየቁ። ከ10 አሠሪዎች ከ9 በላይ የሠራተኛዋን ፓስፖርት እኛ እንይዛለን አሉ። ከ5 ደግሞ ከ1 በላይ ሁልጊዜም ሆነ አንዳንዴ ቤት እንደሚቆልፉባት ተናገሩ። እኛ ይሄን ስንናገር «ውሸት ነው፣ ታጋንናላችሁ» ነበር የምንባለው። አሠሪዎቹ በራሳቸው አፍ ከተናገሩት በኋላ ግን ማን ይክዳል?

ሁለተኛው የራሳችን ልጆች ያሉበት ነው። በ2017 ባንቺ ይመር የምትባል ቤይሩት ቤት ሠራተኛ የነበረች ኢትዮጵያዊት ከጓደኞቿ ጋር «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር መሠረተች። በ2022 ይሄ ማኅበር ከሌባኒዝ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቤት ሠራተኞች ላይ ስለሚደርስ ጾታዊ ትንኮሳ ጥናት አወጣ። ከ900 በላይ ሴቶች ተጠይቀው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዷ «በእኔ ብቻ ነው የደረሰው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ነው ይዛው የኖረችው። የጥናት አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፤ ለብቻሽ የያዝሽው ነገር የብዙዎች መሆኑን ያሳያል።

ወረቀት ብቻውን በቂ አይደለም

አሁን ደግሞ የሚመረውን ልናገር። ጥናት ቢኖርም ሕግ ወዲያው አይቀየርም።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው፤ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። በ2009 አንድ ወጥ የሥራ ውል ወጣ። በ2011 ጄኔቫ ላይ ስለ ቤት ሠራተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 189 ጸደቀ፤ ሊባኖስ ግን አገር ውስጥ አላጸደቀችውም። በጃንዋሪ 2015 የቤት ሠራተኞች ቤይሩት ላይ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ የሥራ ሚኒስቴሩ እውቅና አልሰጣቸውም።

ከዚያ 2020 መጣ። የዚያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሊራ ወድቆ፣ ኮሮና ገብቶ፣ ማዳሞች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለው ይሄዱ ነበር። ኦገስት 4 የወደቡ ፍንዳታ ተጨመረበት። በሴፕቴምበር የሥራ ሚኒስትሯ አዲስ የሥራ ውል አወጡ። በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ፓስፖርትን በራስ እጅ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መልቀቅ መቻል በውሉ ውስጥ ነበሩ። ለዓመታት ተመራማሪዎችና የመብት ድርጅቶች ሲጽፉት የኖሩት ነገር ነው። ግን አንድ ወር ከምናምን ነው የቆየው። የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ክስ መሠረተና በኦክቶበር ሹራ የሚባለው ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሉን አገደው።

ይሄን የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። ኤጀንሲዎቹ ጠበቃ ነበራቸው፣ ማኅበርም ነበራቸው፤ «እንጎዳለን» ብለው የሚናገሩበት በር ነበራቸው። እኛ በዚያ በር የምንገባው ወይ በማኅበራችን ነው፣ ወይ ስለ እኛ በሚጻፈው መረጃ ነው። መረጃው ውሸት ከሆነ ደግሞ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ እንዳልኩት ዓይነት «ደህና ነኝ» ከሆነ፣ እኛኑ መልሶ ይመታናል።

ደንቡ ከየት መጣ?

አሜሪካ ውስጥ አላባማ በምትባል ግዛት፣ ከ1932 እስከ 1972 ለ40 ዓመት የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን ድሃ ጥቁር ወንዶች «እናክማችኋለን» እያሉ ያጠኗቸው ነበር። አላከሟቸውም። በሽታው ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ብቻ ነው የተከታተሏቸው። ፔኒሲሊን ከመጣ በኋላ እንኳ ከለከሏቸው። ነገሩ ሲጋለጥ አገር ተናወጠ፤ በ1979 ቤልሞንት ሪፖርት የሚባለው ሰነድ ወጣ። ሦስት ነገር ይላል። ሰውን አክብር፤ ሳያውቅና ሳይፈቅድ አታጥናው። ጉዳት አታድርስ። ሸክሙን ድሃው ላይ ጥቅሙን ሀብታሙ ላይ አታድርግ።

ዛሬ ደህና ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለው። ሰው ከማነጋገሩ በፊት ተማሪውም መምህሩም ጥያቄዎቹን ለኮሚቴው አቅርቦ ማስፈቀድ አለበት። ኮሚቴው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ተጠያቂዋ ሳትፈራ እምቢ ማለት ትችላለች ወይ?» የሚለው ነው። እንግዲህ አስቡት። ፓስፖርቴ አባቷ ጋ ነው፣ ደመወዜ እናቷ ጋ ነው፣ ጠያቂዋ ልጅየዋ ናት። እኔ እንዴት ነው እምቢ የምለው? እንኳን እምቢ ማለት፣ እውነት መናገር እንኳ እንዴት እችላለሁ? ለዚህ ነው ያቺ ቃለ መጠይቅ መደረግ አልነበረባትም ያልኳችሁ።

እሺ ከማለትሽ በፊት የምትጠይቂው

እህቴ፣ ጥያቄ የመጠየቅ መብት የተማሪዋ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ አንቺ ጠይቂ። ደህና ተመራማሪ ይሄን ስትጠየቅ ደስ ይላታል እንጂ አትቆጣም።

1. ማን ነሽ? የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነሽ? የሚቆጣጠርሽ መምህር ማን ነው?

2. የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶልሻል? ፈቃዱን አሳዪኝ። ማንበብ ካልቻልሽ ፎቶ አንስተሽ ለምታምኛት ሰው ወይም ለማኅበራችሁ ላኪ።

3. ጥናቱ ለምንድን ነው? ለመመረቂያ ነው፣ ለመጽሔት ነው ወይስ ለመንግሥት የሚቀርብ ነው?

4. ስሜ ይጻፋል? ድምፄ ይቀዳል? ቀረጻውን ማን ይሰማዋል፣ መቼስ ይጠፋል? አለመቀዳት ትችያለሽ። «ጻፊው እንጂ አትቅጂ» ማለት ይቻላል።

5. ማን ነው የሚያስተረጉመው? ይሄን አቅልላችሁ እንዳታዩት። የእኛ ማኅበረሰብ ትንሽ ነው። አስተርጓሚዋ የጎረቤትሽ ጓደኛ ወይም የቤተ ክርስቲያን እህት ልትሆን ትችላለች። ካላመንሻት ሌላ ይምጣ በይ።

6. መሃል ላይ ማቆም እችላለሁ? መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» መሆን አለበት። አንድ ጥያቄ ዘልለሽ ሌላውን መመለስም ትችያለሽ። ምክንያት መናገር አይጠበቅብሽም።

7. ሲያልቅ ውጤቱን እንዴት እሰማለሁ? በአማርኛ አጭር ማጠቃለያ ትልኪልኛለሽ?

ጥቂት ጥንቃቄዎች

ማዳም ወይም ሚስተር ባሉበት፣ በር ባልተዘጋበት፣ ካሜራ ባለበት ቤት ስለ ሥራሽ ቃለ መጠይቅ አትስጪ። ቦታውንና ሰዓቱን ምረጪ። ወጥተሽ የማታውቂ ከሆነ በስልክ ይሁን፤ እሱም የሚሰማሽ ሰው በሌለበት።

ስምሽ ባይጠቀስም የምትናገሪው ነገር ሊያሳውቅሽ ይችላል። «ማዳሜ የሴቶች ሐኪም ናት፣ መንታ ልጆች አሏት፣ ቤታችን እንዲህ ያለ ሰፈር ነው» ካልሽ ስም አያስፈልግም። «አንዲት አሠሪ» ማለት ይበቃል።

የስምምነት ወረቀቱን ይዘሽ ቤት አትግቢ፣ ሻንጣሽ የሚፈተሽ ከሆነ። በቃል መስማማት ይቻላል። ስልክሽን የሚያዩብሽ ከሆነ መልእክቶቹን አጥፊ።

ብር ክፈይኝ፣ የፓስፖርትሽን ኮፒ ላኪልኝ፣ ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ወደ ካናዳ አስኬድሻለሁ የሚል ሰው ተመራማሪ አይደለም። ዝጊበት። ተመራማሪ የትራንስፖርት ወይም የስልክ ካርድ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ቪዛ ግን አይሰጥም፣ ክስሽንም አይከራከርም።

ጋዜጠኛና ተመራማሪ አንድ አይደሉም። ጋዜጠኛ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አያመጣም፤ ፎቶሽና ስምሽ ነገ ሊወጣ ይችላል። ማን እንደሆነ ለይተሽ ጠይቂ።

አሁን የምትደበደቢ፣ የተቆለፈብሽ፣ ያመመሽ ከሆነ ደግሞ ጥናት ያንቺ መፍትሔ አይደለም። መጀመሪያ እርዳታ። ታሪኩ በኋላም ይነገራል።

ስለ ጤናም አንድ ልበል። ያለፈን ነገር ማውራት ሰውነት ላይ ይወጣል። ካወራሽ በኋላ ራስ ምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣብሽ ይችላል። አበድኩ ማለት አይደለም። ቃለ መጠይቁ ባለቀበት ቀን ብቻሽን አትሁኚ፤ የሚቀርብሽ ሰው ጋ ሂጂ፣ ደውይ፣ ቡና አፍይ። ደህና ተመራማሪ ደግሞ ከመጀመሯ በፊት «ከከፋሽ እዚህ ጋ ደውይ» የምትልበት ቁጥር ይዛ ነው የምትመጣው። ካልያዘች ጠይቂያት።

ተማሪዎቹን ላስተዋውቃችሁ

ለምን እንደሚቸኩሉ ካወቅሽ አትፈሪያቸውም። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አለባት። ርዕስ ትመርጣለች፣ መምህሯ ይመልሱላታል፣ እንደገና ትጽፋለች፣ ኮሚቴው «ይሄ ጥያቄ ይስተካከል» ይላታል፣ ሳምንታት ያልፋሉ። የቀረላት ጊዜ ሲያጥር ነው ወደ እኛ የምትመጣው። ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ ቡና እየጠጣች፣ ብሊስ ጎዳና ላይ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕዋ ላይ የተደፋችውን ካያችሁ እሷ ናት።

እነሱም ችግር አይተዋል። በኦክቶበር 2019 ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ተማሪዎቹ ከፊት ነበሩ። ከዚያ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ የነበረው ገንዘብ ወደቀና የብዙዎቹ ቤተሰብ ቁጠባ ባንክ ውስጥ ቀረ። በ2020 መጨረሻ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚታሰብበት ምንዛሪ ወደ 3,900 ሊራ ሲቀየር ተማሪዎች ተቃውሞ ወጡ። ከእኛ ኑሮ ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ። ግን ቁጭ ብዬ ሳወራቸው «ነገ ምን ይሆናል?» የሚለው ጭንቀት እነሱም ቤት አለ። አብዛኞቹ ያደጉት እንደ እኛ ያለች ሴት እያጎረሰቻቸው ነው። አንዳንዶቹ ይሄን ርዕስ የሚመርጡትም ለዚያ ይመስለኛል። ጥሩ ነው። ግን ፍቅር ደንብን አይተካም።

አዳራሹ ውስጥ ማን ይናገራል?

ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ለሕዝብ ክፍት የሆነ ውይይት ያዘጋጃሉ። ተመራማሪው ውጤቱን ያቀርባል፣ ከመንግሥት፣ ከኤምባሲ፣ ከጋዜጣ ሰው ይጋበዛል፣ በመጨረሻ ታዳሚው ይጠይቃል። መግባት ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። አንዳንዱ በኢንተርኔት ስለሚተላለፍ ልብስ እየተኮስሽም መስማት ትችያለሽ። በአካል ለመሄድ ያሰብሽ ግን የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ጠባቂ መታወቂያ ሊጠይቅ እንደሚችል እወቂ። ወረቀት የሌለሽ ከሆነ በኢንተርኔት ተከታተይ፣ ወይም ማኅበራችሁ አስቀድሞ ይነጋገርልሽ።

እኔ መጀመሪያ እንዲህ ያለ አዳራሽ የገባሁት ላስተረጉም ነው። ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ቡና የማቀርብ መስሎት ባዶ ስኒ ያቀበለኝ ሰውዬ ነበር። ስኒውን ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩት። በኋላ የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አንዲት እህታችን ተነሳች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ እኔ ወደ ዓረብኛ መለስኩት። «ስለ ዕረፍት ቀን ጠየቃችሁን፤ ደስ ይላል። ግን በዕረፍት ቀናችን ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን አልጠየቃችሁም» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ተመራማሪዋ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ብዙ ወረቀት ላይ «የዕረፍት ቀን አላት» ተብሎ ይሞላል፤ ቤት ተቆልፎባት ያረፈችውም፣ ወጥታ ያረፈችውም እኩል ይቆጠራሉ። ልዩነቱን የምናውቀው እኛ ነን።

ለዚህ ነው መልስ መስጠት ብቻ አይበቃም የምለው። ጥያቄውን ማረም አለብን። ማኅበር ውስጥ ያላችሁ እህቶች፣ ተመራማሪ ሲመጣባችሁ «መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት እንየው» በሉ። የጎደለውን ንገሯቸው። አስተርጓሚ ከእናንተ መሃል ይቀጠር፣ ይከፈላትም። ውጤቱ ሲቀርብ ከእኛ አንዷ መድረኩ ላይ ትቀመጥ።

ሁለተኛዋ ቃለ መጠይቅ

ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ሌላ ተማሪ አነጋገረችኝ። እሁድ ነበር፣ ቦታውን እኔ መረጥኩ። ወረቀቱን በአማርኛ አስተርጉማ አምጥታ ነበር። «ደክሞሽ ከሆነ ሌላ ቀን እንገናኝ» አለችኝ። ስለ ጥርሱ ነገርኳት። ስለ ሦስቱ ወር ደመወዝ ነገርኳት። ስለ ሚስተር ጥያቄ ስትጀምር «እሱን እንለፈው» አልኩ፤ እሺ ብላ አለፈችው። ያ «እንለፈው» ያልኩበት ጊዜ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሊባኖስ ከመጣሁ ጀምሮ እምቢ ብዬ እሺ የተባልኩበት የመጀመሪያው ቀን ይመስለኛል። ከወራት በኋላ አንድ ገጽ በአማርኛ ላከችልኝ። ስሜ የለም። ጥርሱ ግን አለ፤ «ህመም ኖሯቸው ሐኪም ያላዩ» በሚለው ቁጥር ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዋን ወረቀት አይቻት አላውቅም። የሆነ መደርደሪያ ላይ ትኖራለች። እዚያ ውስጥ ደመወዟ የተከፈላት፣ ያልታመመች፣ ዕረፍት የማትፈልግ አንዲት ኢትዮጵያዊት ተቆጥራለች። እኔ ነኝ። ያንን ቁጥር ከዚያ ላወጣው አልችልም።

ስለዚህ እህቴ፣ ደህና ካልሆንሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንድትቆጠሪ አልፈልግም። ደህና ነኝ ከማለት «አሁን አልናገርም» ማለት ይሻላል። እሱም መልስ ነው፤ መብትሽም ነው። መናገር የፈለግሽ ቀን ደግሞ ቦታውን አንቺ ምረጪ፣ ጥያቄውን መጀመሪያ አንቺ ጠይቂ።

በርቱ። ሰላም ሁኑልኝ።